የነባር ሮክ ባንድ «ምርጥ ዘፈኖች» ስብስብ ለመግዛት ሲያስቡ

አንድ ነባር የሮክ ባንድ ያወጣውን የምርጥ ዘፈኖች ስብስብ መግዛት ያዋጣል ወይ ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም ባንድ የሚሠራ መልስ የለም፤ ነገሩን የሚወስነው ባንዱ ሙዚቃውን ለአድማጭ ሲያቀርብ የኖረበት መንገድ ነው። በየጥቂት ወሩ አንድ ዘፈን በነጠላ ሸክላ እያወጣ ስም ያተረፈ ባንድ ከሆነ ስብስቡ ከአልበሞቹ ሊበልጥ ይችላል። አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ አንድ ድርሰት የሚያቀናብር ባንድ ከሆነ ግን ዘፈኖቹ ተነጥለው ሲቀርቡ ከመካከሉ ተገንጥሎ እንደሚነበብ ልብ ወለድ ይሆናሉ። ባንዱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ ለመለየት የሙዚቃ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ የስብስቡን የዘፈን ዝርዝር ፊት ለፊት አድርጎ፣ እርሳስና ወረቀት ይዞ ጥቂት ደቂቃ መቀመጥ ይበቃል።

መጀመሪያ ከእያንዳንዱ ዘፈን ጎን የወጣበትን አልበምና ዓመት ይጻፉ። የአሜሪካውያኑ የኢግልስ የመጀመሪያ ስብስብ ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ነው። ስብስቡ የወጣው በፌብሩዋሪ 1976 ሲሆን (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የያዛቸው ዘፈኖች ዐሥር ብቻ ናቸው። ሦስቱ ከ1972ቱ አልበም፣ ሁለቱ ከ1973ቱ፣ ሁለቱ ከ1974ቱ፣ ሦስቱ ደግሞ ከ1975ቱ አልበም የተወሰዱ ናቸው፤ ይኸውም ባንዱ እስከዚያ ጊዜ ካወጣቸው አራት አልበሞች ሚዛኑን ጠብቆ ተመርጧል ማለት ነው። ከዐሥሩ አንዱ የሆነው «ዴስፔራዶ» በነጠላ ሸክላ ወጥቶ ስለማያውቅ በጥብቅ አነጋገር «ሂት» (በነጠላ ወጥቶ ገበያውን ያደመቀ ዘፈን) አልነበረም፤ መራጮቹ ግን እሱን በማስገባታቸው የሚወቅሳቸው ያለ አይመስለኝም። የአሜሪካ የሙዚቃ ቀረጻ ኢንዱስትሪ ማኅበር ለአንድ ሚሊዮን ቅጂ ሽያጭ የሚሰጠውን የፕላቲነም ማዕረግ ሲጀምር በቅድሚያ የሰጠው ለዚህ ስብስብ ነበር፤ በ2018ም 38 ጊዜ ፕላቲነም ብሎ መዝግቦታል።

ቀጥሎ የሌለውን ይፈልጉ። ብዙ ሰው ኢግልስን የሚያውቀው «ሆቴል ካሊፎርኒያ» በሚለው ዘፈን ነው፤ ይህ ዘፈን ግን በስብስቡ ውስጥ የለም፣ ሊኖርም አይችልም፤ አልበሙ የወጣው ስብስቡ ገበያ ላይ ከዋለ ከዐሥር ወር በኋላ፣ በዲሴምበር 1976 ነውና። ስብስቡን ገዝቶ ቤቱ ከገባ በኋላ ዘፈኑን ያጣ ሰው የሚያማርረው ራሱን ነው፤ «1971–1975» የሚለው ቁጥር በሽፋኑ ላይ ተጽፎለታል። በእኔ አስተያየት ሆቴል ካሊፎርኒያን በአልበም የያዘ አድማጭ የ1976ቱን ስብስብ ቢጨምር ሁለቱ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላሉ፤ ከባንዱ አንድ ነገር ብቻ መግዛት ለሚፈልግ ግን ሁለቱንም ዘመን የሚሸፍነው የ2003ቱ ባለ ሁለት ሲዲ ስብስብ ይሻለዋል።

ስብስብ ከአልበምም በላይ ተፈላጊ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ1960ዎቹ በብሪታንያ በነጠላ ሸክላ የወጣን ዘፈን በአልበም አለመድገም የተለመደ ነበር። የቢትልስ «ሄይ ጁድ» በ1968 የወጣ ሲሆን ባንዱ ካሳተማቸው የስቱዲዮ አልበሞች በአንዱም ውስጥ አይገኝም፤ የሮሊንግ ስቶንስ «ጃምፒን ጃክ ፍላሽ»ም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ የቢትልስን የስቱዲዮ አልበሞች በሙሉ የደረደረ ሰው እንኳ በ1973 የወጡትን ባለ ቀይና ባለ ሰማያዊ ሽፋን ስብስቦች ቢገዛ ገንዘቡን አላባከነም፤ በ1971 ስለወጣው የሮሊንግ ስቶንስ ስብስብ «ሆት ሮክስ»ም ተመሳሳይ ነገር ሊባል ይችላል።

ከሁሉም በላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ግን ቀረጻው የመጀመሪያው ቀረጻ መሆኑን በማረጋገጡ ላይ ነው። ፒንክ ፍሎይድ በ1981 ባወጣው ስብስብ ውስጥ «መኒ» የተባለውን ዘፈን ያገኘ አድማጭ የሚሰማው የ1973ቱን ቀረጻ አይደለም፤ በአሜሪካ የመጀመሪያውን ቀረጻ የያዘው ኩባንያ አልፈቅድም በማለቱ የባንዱ ጊታር ተጫዋች ዴቪድ ጊልሞር ከሳክስፎኑ በቀር መሣሪያዎቹን ሁሉ ራሱ ተጫውቶ እንደ አዲስ ቀርጾታል። በ2001 የወጣው «ኤኮስ» የተሰኘ ስብስባቸው ደግሞ ስሙን የወሰደበትን ዘፈን ከ23 ደቂቃ ተኩል ወደ 16 ደቂቃ ተኩል አሳጥሮ አቅርቧል። ይህን ለማወቅ የሚቻለው ከዘፈኑ ስም ጎን የተጻፈውን ርዝማኔ በዋናው አልበም ላይ ካለው ጋር በማነጻጸር ነው። በርካሽ የሚሸጡ ስብስቦች ላይ በደቃቅ ፊደል «እንደገና የተቀረጸ» የሚል ማስታወሻ መኖር አለመኖሩንም ይመልከቱ፤ እኔ አንድ ጊዜ ሳላነብ ገዝቼ፣ ድምፃዊው ከጎልማሳነት ዕድሜው በኋላ ብቻውን የደገማቸውን ዘፈኖች ታቅፌ ቀርቻለሁ።

በሸክላ የሚያዳምጥ ሰው የዘፈኖቹን ብዛትም መቁጠር አለበት። የኩዊን የ1981 ስብስብ የብሪታንያው እትም 17 ዘፈኖችን በአንድ ሸክላ ላይ አጭቋል፤ በአንድ ገጽ ላይ ደቂቃው በበዛ ቁጥር የመርፌው መሄጃ መስመር እየጠበበ፣ ድምፁም እየቀነሰ ይሄዳል። በሲዲ ግን ይህ ችግር የለም። የአሜሪካው እትም ከድምፃዊው ዴቪድ ቦዊ ጋር የሠሩትን «አንደር ፕሬሸር» ሲጨምር የብሪታንያው አልያዘውም፤ ስለዚህ ያገለገለ ሸክላ የሚገዛ ሰው የታተመበትን አገር ማየት ይኖርበታል።

ለማማለል ተብሎ ስለሚጨመር አዲስ ዘፈን ብዙ የምለው የለኝም። ብዙውን ጊዜ የተረፈ ነገር ነው፤ የአሜሪካዊው ሮክ ድምፃዊ የቶም ፔቲ የ1993 ስብስብ ግን «ሜሪ ጄንስ ላስት ዳንስ»ን ይዞ በመውጣቱ ከዚህ ሐሜት ነፃ ነው።

ለኢንተርኔት ሙዚቃ በየወሩ የሚከፍል ሰው ዘፈኖቹን በነፃ ደርድሮ የራሱን ስብስብ ማዘጋጀት ስለሚችል የሚገዛው ዕቃውን ለመያዝ ብቻ ነው። የካሴት ዘመን ሰዎች የሚወዷቸውን ዘፈኖች በወረቀት ጽፈው ሙዚቃ ቤት እያስቀዱ ይወስዱ ስለነበር ይህ አዲስ ነገር አይሆንባቸውም።

በመጨረሻ ዝርዝሩን እንደገና ይዩትና ከአንድ አልበም የተወሰዱት ዘፈኖች ስንት እንደሆኑ ይቁጠሩ። የሌድ ዜፕሊን የ2007 ስብስብ «ማዘርሺፕ» 24 ዘፈኖች ሲኖሩት አራቱ የተወሰዱት ስምንት ዘፈኖች ብቻ ካሉት ከ1971ዱ አራተኛ አልበማቸው ነው። ግማሹ የተመረጠ አልበም ሌላው ግማሹም የሚናቅ አይሆንም፤ ስለዚህ እኔ ብሆን ለሌድ ዜፕሊን አዲስ ለሆነ ሰው ስብስቡን ትቼ አራተኛውን አልበም እገዛለታለሁ። ለኤሲ/ዲሲ ደግሞ ምርጫውም የለም፤ ባንዱ ከስቱዲዮ አልበሞቹ የተውጣጣ የምርጥ ዘፈኖች ስብስብ በዚህ ስም አውጥቶ ስለማያውቅ በ1980 ከወጣው «ባክ ኢን ብላክ» መጀመር ነው።