የፍራፍሬ ኩኪስ ለምን ይደርቃል? ችግርና መፍትሄ

ኦቨን ቀድሞ መሞቅ እንዳለበት፣ ዱቄት እንደሚነፋ፣ ትሪ ላይ የመጋገሪያ ወረቀት እንደሚነጠፍ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጀምረው። የማወራው ስለ ዘቢብና ተምር ኩኪስ ነው። ዳሩ ያዝ ያለ፣ መሃሉ ግን ሲያኝኩት ሳብ ሳብ የሚለው ዓይነት።

አዲስ አበባ ላይ የምሠራበት መጠን ይኸው፦ 250 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ 150 ግራም የቀለጠ የገበታ ቅቤ፣ 130 ግራም ቡናማ ስኳር፣ 40 ግራም ማር፣ 1 ሙሉ እንቁላልና 1 አስኳል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ትንሽ ጨው፣ 150 ግራም ዘቢብና ተምር። ማሩን አትተዉት። ማርና ቡናማ ስኳር እርጥበት ይይዛሉ፤ በነጭ ስኳር ብቻ የተሠራ ኩኪስ ቀጭንና ተሰባሪ ይሆናል።

ሲወጣ ጥሩ ነበር፣ ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ሆነ

ከሚጠይቁኝ ሰዎች አብዛኞቹ የሚሉኝ ይህንን ነው። ምክንያቱም ከሞላ ጎደል ሁሌም አንድ ነው፤ ኦቨን ውስጥ ብዙ ቆይቷል።

ኩኪስ ኦቨን ውስጥ እያለ አይጠነክርም። ቅቤውም ስኳሩም ትኩስ ሲሆኑ ፈሳሽ ናቸው፤ ኩኪሱን የሚይዙት ሲቀዘቅዙ ነው። ስለዚህ ገና ኦቨን ውስጥ ሳለ ጠንክሮ ካገኛችሁት ውሃው አልቋል ማለት ነው። ሲቀዘቅዝ መዶሻ ይፈልጋል።

የሚያስቸግሩት ደግሞ ጎበዝ ዳቦ ጋጋሪዎች ናቸው። ጎረቤቴ አንዲት እናት አሉ፤ ድፎ ዳቦአቸውን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አብረን ኩኪስ ስንጋግር ትሪውን ሳብ አድርገው የአንዱን መሃል በጣታቸው ጫን አደረጉት። ጣታቸው ሰመጠ፤ ጫፉ ላይ ቅቤ አብለጨለጨ። "ኧረ ጥሬ ነው!" ብለው መልሰው ገፉት። "እትዬ፣ ይውጣ፣ ሰዓቱ ደርሷል" ብላቸው፣ "አንቺ ልጅ፣ ሆዳችን ይነፋ ነው የምትዪው?" አሉኝ። አልተከራከርኩም። በማግስቱ የልጅ ልጆቻቸው ሻይ ውስጥ እየነከሩ በሉት፤ አንደኛውማ ግንባሩን እየቋጠረ በክርኑ ጠረጴዛ ላይ ሊሰብረው ሲሞክር አይቼዋለሁ። ዳቦ በጣት ይፈተናል። ኩኪስን በጣት አትፈትኑት።

በዓይን ነው የሚታየው። ዳር ዳሩ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ማብረቅረቁን ትቶ ፈዘዝ ሲል፣ ጠርዙ ትንሽ ወርቃማ ሲይዝ፣ መሃሉ ግን ገና እርጥብ መስሎ አበጥ ብሎ ሲታይ አውጡት። ትሪው ላይ 5 ደቂቃ ይቀመጥ፤ በትሪው ሙቀት መሃሉ ይበስላል። ከዚያ በላይ አታቆዩት፣ ታቹ መድረቁን ይቀጥላል።

ደቂቃውን ከውጭ አገር አሰራር ላይ አትቅዱ። አብዛኛው አሰራር የተሞከረው ዝቅ ባለ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ከሊጡ ውስጥም ቶሎ ይተናል። ስለዚህ እሳቱን ወደ 10 ዲግሪ ከፍ፣ ጊዜውን አጠር ማድረግ ነው። እኔ 190 ላይ አስገብቼ ከ8ኛው ደቂቃ ጀምሮ ከመስታወቱ አልርቅም። ቡና ለማፍላት አትሂዱ። ስልክ አታንሱ። 2 ደቂቃ ልዩነት እዚህ ብዙ ነው።

በሰዓቱ አውጥታችሁም ከደረቀ ፍሬውን እዩት። ሱቅ ከርሞ ቆዳው የተጨማደደ ዘቢብ ሊጥ ውስጥ ሲገባ የሊጡን ውሃ ይጠጣል። አንዳንዱ ነጋዴ የሚሸጠው ዘቢብ ሳይሆን የወይን ቆዳ ነው ማለት ይቻላል፤ ጭራውም ጠጠሩም ከነሙሉ ክብሩ ይመዘንላችኋል። ልቀሙት፣ እጠቡት፣ ለ10 ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። ከዚያ በደንብ አጥሉና በንጹህ ጨርቅ አድርቁት። ውሃ እያንጠባጠበ ካስገባችሁት ሊጡ ይላላል። ተምሩን ደግሞ እያንዳንዱን በእጃችሁ ክፈቱት፤ "ፍሬው ወጥቷል" የሚል ማሸጊያ አትመኑ። ጥርስ ውድ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ዱቄት ነው። በሻይ ብርጭቆ ጠቅጥቆ የሚሰፍር ሰው ሳያውቀው ብዙ ይጨምራል። ሊጡ እጅ ላይ ሲጣበቅ ደግሞ "ትንሽ ልጨምር" ይላል። መጣበቅ አለበት! ሚዛን ግዙ። ሊጡን በማንኪያ እየቆነጠራችሁ ትሪው ላይ አስቀምጡት።

ትሪው ላይ ተንጣሎ እርስ በርሱ ተጣበቀ

ሊጡ ሞቆ ገብቷል፣ ወይ ትሪው ትኩስ ነበር። ሊጡን ለ30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ሁለተኛውን ዙር የመጀመሪያው በወጣበት ትኩስ ትሪ ላይ አትደርድሩ፤ ቅቤው ኦቨን ሳይገባ ይቀልጣል።

ማርጋሪን ከሆነ የምትጠቀሙት ማሸጊያውን አንብቡ። ስቡ ከ80 በመቶ በታች ከሆነ የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ዳቦ ቀቡበት። ርካሽ ማርጋሪን ገዝቶ አሰራሩን የሚሳደብ ሰው በዝቷል።

ይፈረፈራል፣ ሽታውም ወጥ ወጥ ይላል

የተነጠረ ቅቤ ነው። ሲነጠር ውሃው ተንኖ አልቋል፤ ስለዚህ ሊጡ እንደልቡ አይያያዝም። ኮሰረቱና ኮረሪማው ደግሞ ዘቢቡን ያሸንፉታል። አንዲት ዘመዴ "ቅቤ ቅቤ ነው" ብላ ለልደት ጋግራ ልጆቹ እንጀራ ጠየቋት።

ታቹ አርሯል፣ ላዩ ነጭ ነው

ትንንሽ የጠረጴዛ ኦቨኖች ላይ የተለመደ ነው፤ ማሞቂያው ለትሪው በጣም ይቀርባል። ሁለት ትሪ ደርቡና አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉት። የማዞሪያውን ቁጥርም በጭፍን አትመኑ። በፎይል ላይ አንድ ማንኪያ ነጭ ስኳር አድርጋችሁ 175 ላይ ለ15 ደቂቃ አስገቡ። ከቀለጠ ኦቨናችሁ ከሚለው በላይ ይሞቃል። 195 ላይ ደግሞ ካልቀለጠ በታች ነው።

አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከው አሰራር 350 ካለ ፋራናይት ነው፤ በእኛ 177 ዲግሪ። ኦቨኑ 250 ላይ ስለሚያበቃ እስከ መጨረሻው አዙረው ጭስ የጠሩ ሰዎች አውቃለሁ። ማታ ማታ የመብራት ኃይል ሲወርድ ኦቨኑ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ቀን መጋገር ይሻላል።

ሌሎች

ሳሙና ሳሙና ካለ ሶዳው በዝቷል። እንደ ኬክ ከነፋ ቤኪንግ ፓውደር ወይም ትኩስ ፍራፍሬ ገብቶበታል፤ ትኩስ ማንጎና ሙዝ ለዚህ ኩኪስ አይሆኑም። ፍሬው ከመረረ ከላይ ተጋልጦ አሯል፤ ወደ ውስጥ ግፉት።

በነጋታው ለስላሳነቱ ጠፋ

ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ክዳኑ የሚገጥም እቃ ውስጥ አድርጉት። ትኩሱን አትክደኑ፣ ያልባል፤ ሻጋታም ያመጣል። አንድ ቁራጭ ዳቦ አብራችሁ አስገቡ፤ ኩኪሱ ከዳቦው እርጥበት ይወስዳል። ትንሽ የደረቀ ኩኪስም በዚሁ ዘዴ በአንድ ሌሊት ይለሰልሳል። ዳቦውን በየቀኑ ቀይሩ።

የጾሙ አልያያዝ አለ

በአንድ እንቁላል ምትክ 1 የሾርባ ማንኪያ ሳይቆላ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጣችሁ 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ ዝልግልግ ሲል ይግባ። በቅቤው ፋንታ ዘይት 120 ግራም ይበቃል፤ ዘይት ውሃ የለውም፣ ሙሉውን መጠን ካደረጋችሁ ኩኪሱ ይቀባባል። ሊጡ ላላ ካለባችሁ ዱቄት አትጨምሩ፤ ተልባው ውሃውን እስኪይዝ ፍሪጅ ውስጥ አንድ ሰዓት አቆዩት።