እጅ ሲደነዝዝ ካርፓል ተነል መሆኑን እንዴት እንለያለን?

ከምርመራው ሁሉ በፊት ሁለት ጥያቄዎች ይቀድማሉ፦ የሚደነዝዘው የትኛው ጣት ነው? የሚብሰውስ መቼ ነው?

ሚዲያን የሚባለው ነርቭ ከ9 ጅማቶች ጋር ተጣቦ በእጅ አንጓ ውስጥ ካርፓል ተነል በሚባል ጠባብ መተላለፊያ ያልፋል፤ በሽታውም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። መተላለፊያው ሲጠብበት አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሀል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ይደነዝዛሉ። ትንሿ ጣት የሌላ ነርቭ ድርሻ ስለሆነች ትተርፋለች። ብዙ ሰው ግን ሳያጣራ «እጄ በሙሉ ደነዘዘ» ይላል። ስለዚህ ሌሊት ደንዝዞ ሲቀሰቅስዎ እዚያው ጣቶችዎን አንድ በአንድ ቆንጠጥ እያደረጉ ያስተያዩ። የቀለበት ጣትን ደግሞ በግራም በቀኝም ጎኑ በጥጥ ዳበስ ያድርጉት። በመሀል ጣት በኩል ያለው ጎን ፈዝዞ በትንሿ በኩል ያለው ደህና ከሆነ ጥርጣሬው በጣም ይጠነክራል፤ ከአንገት የሚነሳ ችግር አንድ ጣትን እንዲህ ለሁለት አይከፍልም። በአውራ ጣት ሥር ያለው የመዳፍ ቆዳ ከደነዘዘ ግን መንስኤውን ከአንጓ በላይ መፈለግ ነው፤ ወደዚያ የሚሄደው ቅርንጫፍ በመተላለፊያው ውስጥ አያልፍም።

እጅን አራግፎ እፎይ ማለትም ጥሩ ፍንጭ ነው።

ቀጥሎ ክርንዎን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው ክንድዎን ያቁሙ፤ መዳፍዎ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይታጠፍ፤ 60 ሰከንድ ይጠብቁ። በኃይል አይጫኑት። የሚቆጠረው በእነዚያው ጣቶች ላይ የሚመጣ መደንዘዝ ወይም መጠዝጠዝ ነው፤ የአንጓ ሕመም ብቻውን ምንም አይነግረንም። ከዚያ ሌላ ሰው መዳፍዎ ከአንጓው የሚጀምርበትን መሀል ቦታ በአውራ ጣቱ 30 ሰከንድ ይጫንልዎ። ምንም አለመሰማቱ ግን በሽታው የለም አያሰኝም።

ጉልበቱን ለማየት መዳፍዎን ወደ ላይ አድርገው እጅዎን ጠረጴዛ ላይ ያኑሩ፤ አውራ ጣትዎን ወደ ጣሪያ ያንሱና ሌላ ሰው ወደ ታች ይግፋው። ከሌላው እጅ ከደከመ ወይም ሥሩ ያለው ሥጋ ከጎደለ ነርቩ መጎዳት ጀምሯልና ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ቀን አይቁጠሩ።

ሐኪሙ የነርቭ ፍጥነት ምርመራ ሊያዝ ይችላል። እጅ ከቀዘቀዘ ነርቭ ስለሚዘገይ ውጤቱ ያሳስታል፤ አሙቀው ይግቡ። የስኳርና የታይሮይድ ምርመራም ይጠይቁ፤ እርጉዝ ከሆኑ ይንገሩ። እግርም አብሮ የሚደነዝዝ ከሆነ አንጓን ብቻ መመርመር አይበቃም።

የእጅ መደንዘዝ ወይም መድከም ድንገት መጥቶ ፊት ከተጣመመ ወይም ንግግር ከተሳሰረ፣ ይህን ሁሉ ትቶ በዚያው ደቂቃ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።