ከግሪንደልቫልድ እስከ ማይሪንገን፦ የአንድ ቀን የተራራ ብስክሌት ጉዞ በአልፕስ

ስዊዘርላንድ የምትኖሩ ወይም ዘመድ ልትጠይቁ የመጣችሁ፣ አልፕስን በብስክሌት ለማየት ያላችሁ አንድ ቀን ብቻ ከሆነ ብዙ አትጨነቁ። ግሪንደልቫልድ ሂዱ። ከዚያ ግሮሰ ሻይዴግ የሚባለውን የተራራ በር ወጥታችሁ፣ በሮዘንላዊ ሸለቆ በኩል ወደ ማይሪንገን ትወርዳላችሁ። ከ30 ኪሎ ሜትር በታች ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ ስጡት። እየቆሙ ለማየት የሚኬድበት መንገድ እንጂ የውድድር አይደለም።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። ግሪንደልቫልድ 1,034 ሜትር ላይ ነው፤ በሩ 1,962 ሜትር ላይ። መውጫው ወደ 10 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን በየ100 ሜትሩ በአማካይ 9 ሜትር ያህል ትወጣላችሁ። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ከፍታውን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፣ ጫፉ ራሱ ከመስቀል አደባባይ ያንሳል። የሚያደክመው ዳገቱ ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ ማይሪንገን፣ እስከ 595 ሜትር ድረስ፣ ቁልቁለት ብቻ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልንገራችሁ፦ መንገዱ አብዛኛው አስፋልት ነው። ከድንጋይ ድንጋይ መዝለል የሚያምረው ሰው ሌላ ቦታ ይፈልግ። እንዲያም ሆኖ የተራራ ብስክሌት ይሻላል፤ ዝቅ የሚሉ ማርሾች፣ ወፍራም ጎማና ጥሩ የዲስክ ፍሬን አለው፣ ደስ ሲላችሁም ወደ ጎን ወደ ኮረኮንቹ ገባ ማለት ትችላላችሁ። ጉልበታችሁን ካላመናችሁ ኤሌክትሪክ ብስክሌት ተከራዩ፣ ነውር የለውም። ብቻ ባትሪውን ገና በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች በከፍተኛው ጉልበት አትጨርሱት።

ወቅቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ከጁን አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት በሩ ላይ በረዶ ሊኖር ይችላል። በጁላይና በኦገስት ከሰዓት በኋላ መብረቅና ነጎድጓድ የተለመደ ስለሆነ በጠዋት መነሳት ግድ ነው። ከኢንተርላከን ኦስት ጣቢያ እስከ ግሪንደልቫልድ በባቡር ግማሽ ሰዓት ትንሽ አለፍ ይላል። ለብስክሌቱም ቲኬት መቁረጥ እንዳትረሱ። ጎማውን ፈታችሁ ከረጢት ውስጥ ከከተታችሁት ግን እንደ ሻንጣ ስለሚቆጠር በነፃ ይጫናል፤ ይሄን ዘዴ ብዙ ሰው አያውቀውም። እስከ 2 ሰዓት ድረስ ፔዳል መምታት ብትጀምሩ ጥሩ ነው፤ በሐበሻ ሰዓት ነው ያልኩት፣ ጠዋት።

ቦርሳችሁ ውስጥ የንፋስና የዝናብ ጃኬት፣ ጓንት፣ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መንፊያና ትንሽ የመፍቻ ስብስብ ይኑር። እዚያ ላይ ጎሚስታ የለም። ሄልሜት ያለ ምንም ክርክር። ቆሎ መያዝ ደግሞ ብልህነት ነው፤ ከሚሸጡት የስፖርት ብስኩቶች ሁሉ ይበልጥብኛል። ጉዞው ኦገስት 7 እና 21 መካከል ከሆነና ፍልሰታን የምትጾሙ ከሆነ ምሳችሁን ከቤት ያዙ፣ ምክንያቱም የተራራ ምግብ ቤቶቹ ዋና ነገር አይብ፣ እንቁላልና ቅቤ ነው።

መውጣት ስትጀምሩ ቀዩን የብስክሌት ምልክት ተከተሉ፤ ቢጫው የእግረኛ ነው። ሆቴል ቬተርሆርን እስኪደርሱ መኪና አለ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ለግል መኪና ዝግ ስለሆነ የሚያልፈው በዋናነት የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡስ ነው። ይሄ አውቶቡስ ዓይን በማያሳይ መታጠፊያ ላይ ሦስት ድምፅ ያለው ጥሩምባ ይነፋል። ስትሰሙት ወደ ዳር ውጡና ቁሙ፤ በእንዲህ ዓይነቱ የተራራ መንገድ ላይ ቅድሚያው የእሱ ነው፣ ሾፌሩ በእጁ ምልክት ካሳያችሁም ታዘዙት።

ዳገቱን ቀስ ብላችሁ ውጡት። ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ማውራት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው፣ ማርሽ ቀንሱ። በቀኝ በኩል 3,692 ሜትር የሆነው የቬተርሆርን ተራራ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይቆምባችኋል። ዋናው ነገር ግን ከኋላችሁ ነው። 3,967 ሜትር ያለው የአይገር ተራራ በጀርባችሁ ስለሚሆን፣ አንገቱን ደፍቶ ፔዳል ብቻ የሚመታ ሰው ሳያየው ጫፍ ይደርሳል። በየመታጠፊያው ቁሙ፣ ዙሩ፣ እዩ፣ ውኃ ጠጡ። ጠዋት የአይገር ሰሜናዊ ገደል ጥላ ውስጥ ነው፤ ፀሐይ የሚያገኘው ወደ አመሻሹ ነው። ለፎቶ ብላችሁ ዘግይታችሁ ልትነሱ ታስቡ ይሆናል። አይመከርም፣ መብረቁ አይጠብቃችሁም።

መንገድ ላይ ላሞች አሉ፣ ቃጭላቸው ከሩቅ ይሰማል። በመሃላቸው ቀስ ብላችሁ እለፉ፣ ጥጃ ካለ ደግሞ ራቅ በሉ። የከፈታችሁትን የአጥር በር ዝጉ። ላሞች እንዳያልፉ መንገዱ ላይ የተነጠፉ የብረት ዘንጎችም ያጋጥማችኋል፤ በቀጥታ፣ ፍሬን ሳትይዙ ተሻገሩ፣ በተለይ ከዘነበ ያንሸራትታሉ።

ጫፉ ላይ ሆቴልና ምግብ ቤት አለ። ዋጋው እንደ ከፍታው ነው። ላባችሁ ሳይቀዘቅዝ ጃኬቱን ልበሱ፣ ከዚያ ወደ መውረዱ።

ሰው የሚጎዳው ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው። ወደ 1,370 ሜትር ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ፍሬኑን ሳትለቁ ይዛችሁ ከወረዳችሁ ይግልና መያዝ ያቅተዋል። ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ልቀቁ፣ እንደገና ያዙ። ሁለቱንም ተጠቀሙ። የፊተኛው ነው በደንብ የሚያቆመው፤ ኮረኮንች ላይ ግን በለስላሳ እጅ፣ ደግሞም ከመታጠፊያው በፊት እንጂ መታጠፊያው ላይ አይደለም። ኮርቻውን ዝቅ አድርጉ፣ ፔዳሎቹን እኩል አግድም ይዛችሁ ከመቀመጫው ትንሽ ተነሱ። እጃችሁ ከዛለ ቁሙ፣ ማንም አይስቅባችሁም።

ሽቫርትስቫልድአልፕ ስትደርሱ መኪና እንደገና ይጀምራል፣ ስለዚህ የቀኙን መስመር አትልቀቁ። ሮዘንላዊ ላይ የግድ ከብስክሌቱ ውረዱ። የበረዶ ግግር ውኃ ዓለቱን ቆርጦ የሠራው ጠባብ ገደል አለ፤ መግቢያ ይከፈላል፣ በእግር ሲታይ አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው። ትንሽ ዝቅ ብሎ ግሽቫንተንማድ የሚባል ለጥ ያለ መስክ ታገኛላችሁ፤ እዚያ ወደ ኋላ ዞር ብትሉ የቬልሆርን ተራራና የበረዶ ግግሩ ከነሙሉ ግርማቸው ይታያሉ። ለእኔ የመንገዱ ምርጡ ቦታ ይሄ ነው፣ ምሳውም እዚሁ ይበላ። ከዚያ በታች ጫካና መታጠፊያ ነው። ማይሪንገን ከመድረሳችሁ በፊት የራይሸንባኽ ፏፏቴ አለ። አቅም ካለ እዩት፣ ካልሆነም ቁጭት የለውም።

አንድ ሰው ክፉኛ ቢጎዳ 144 ለአምቡላንስ፣ 1414 ለሄሊኮፕተር ማዳኛው ለሬጋ ነው። ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ መዝግቡት።

ከማይሪንገን ወደ ኢንተርላከን ኦስት በባቡር ግማሽ ሰዓት ትንሽ አለፍ ይላል። በጉዞው አቅጣጫ በግራ በኩል ተቀመጡ፣ የብሪየንዝ ሐይቅ በዚያ ነው። ብስክሌቱን ግሪንደልቫልድ የተከራያችሁ ደግሞ ሱቁ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ጠዋት ጠይቁ፣ ዞሮ ለመመለስ ኢንተርላከን ላይ ባቡር መቀየር አለና።