ለጫጉላ ሽርሽር ጃፓን፦ ሆቴሉንና ሪዮካኑን እንዴት እንምረጥ?

ከሠርግ በኋላ ጃፓን ለመሄድ ያሰባችሁ ሙሽሮች፣ ማደሪያ መፈለግ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ሪዮካን የሚባለው የጃፓን ባህላዊ ማደሪያ እንደ ሆቴል የሚታይ አይደለም። እዚያ የምትከፍሉት ለአልጋ ሳይሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ግድም አንስቶ እስከ ማግስቱ ረፋድ ድረስ ላለው ጊዜ ነው። ጫማችሁን በር ላይ አውልቃችሁ ትገባላችሁ። ክፍላችሁ ውስጥ ሻይና ጣፋጭ ይቀርብላችኋል። ዩካታ የሚባለውን ስስ የጥጥ ልብስ ለብሳችሁ ፍል ውኃ ትገባላችሁ፤ ከዚያ እራቱ ይመጣል። ቀኑን ሙሉ ከተማ ስትዞሩ ውላችሁ ማታ 3 ሰዓት ብትደርሱ፣ እራቱም ፍል ውኃውም ያመልጣችኋል፤ ሒሳቡ ግን ያው ነው። ስለዚህ ምርጫችሁ ሁሉ ከዚህ ይነሣ።

1. ወቅቱን ከሠርጋችሁ ጋር አስተያዩ

የጥር ሙሽሮች ዕድለኞች ናችሁ። የጃፓኖች የአዲስ ዓመት ግርግር ያልፋል፣ ሰሜኑ በበረዶ ይሸፈናል፣ ሰማዩም ስለሚጠራ የፉጂ ተራራ ከሩቅ ይታያል። በረዶ እየወረደ ከቤት ውጭ ባለ ፍል ውኃ ውስጥ መቀመጥ ለእኔ ከቼሪ አበባ ይበልጣል። ከፋሲካ በኋላ የምታገቡ ግን ተጠንቀቁ፤ ከሚያዝያ 21 እስከ 27 ባለው ጊዜ በጃፓን በዓላት ስለሚደራረቡ አገሬው በሙሉ ለሽርሽር ይወጣል፤ ዋጋ ይንራል፣ ክፍልም ይጠፋል። በእነዚያ ቀናት ከመሄድ ግንቦት እስኪገባ መጠበቅ ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴ ቶኪዮና ኪዮቶ ወበቁ ከባድ ነው፤ በዚያ ጊዜ ካልሆነ የማይመቻችሁ ቀዝቀዝ ወዳለችው ሰሜናዊ ደሴት ሆካይዶ ውጡ።

2. ሌሊቶቹን አከፋፍሉ

ሁሉንም ሌሊት ሪዮካን ማደር አያስፈልግም፤ እራቱ ብዙ ስለሆነ በሦስተኛው ቀን ይሰለቻል። ለ10 ሌሊት ቢሆን እኔ 4 ቶኪዮ፣ 2 ሪዮካን፣ 4 ኪዮቶ አደርገዋለሁ። ሁለቱ የሪዮካን ሌሊቶች አንድ ቤት ይሁኑ። አንድ ሌሊት ብቻ ካደራችሁ፣ ገና ስትለምዱት ሻንጣ ማሰር ይመጣል።

ቶኪዮ ላይ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው አማን ቶኪዮ ከኦቴማቺ ታወር አናት ላይ ከተማዋን ቁልቁል ያሳያል። ፓላስ ሆቴል ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱን ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ያያል። ጊዜ ጠቧችሁ ከከተማ መውጣት ካልቻላችሁ ሆሺኖያ ቶኪዮን ተመልከቱ፤ በረጅም ሕንፃ ውስጥ ያለ ሪዮካን ሲሆን ከከርሠ ምድር የተሳበ ፍል ውኃ አናቱ ላይ አለው። የትም ብትይዙ ግን አልጋው አንድ መሆኑን አረጋግጡ፤ የጃፓን ሆቴሎች ሁለት ነጠላ አልጋ ያለው ክፍል ያበዛሉ።

3. የሪዮካኑን ቦታ ምረጡ

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ሃኮኔ ቀላሉ ነው። ከቶኪዮ ሺንጁኩ ጣቢያ ሮማንስካር በሚባለው ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የንጉሣውያን ቤተሰብ የበጋ ማረፊያ በነበረው ግቢ ላይ ያለው ጎራ ካዳን የሚገኘውም እዚያው ነው። በበረዶ ወራት የያማጋታዋ ጊንዛን በወንዝ ዳርና ዳር ከቆሙት የእንጨት ቤቶቿ ጋር ልዩ ናት፤ ቤቶቹ ግን ትንንሽ ስለሆኑ ክፍል በጊዜ ያልቃል። ኪዮቶ ውስጥ እንደ ታዋራያና እ.ኤ.አ. በ1818 እንደተመሠረተው ሂራጊያ ያሉ ስመ ጥር ቤቶች አሉ፤ መስተንግዷቸው አቻ የለውም፤ ነገር ግን ፍል ውኃ ፈልጋችሁ ወደ እነሱ አትሂዱ። ገንዳቸው የሚያምር እንጨት ነው፣ ውኃው ግን ከምንጭ የሚመጣ አይደለም።

4. ስለ ገንዳው በደንብ ጠይቁ

ሙሽሮች ብዙ ጊዜ የሚያዝኑት እዚህ ላይ ነው። የጋራው መታጠቢያ የወንድና የሴት ተብሎ ይለያል፤ አንድ ላይ አትገቡም። ራቁት ነው የሚገባው፤ ዋና ልብስ አይፈቀድም። ብዙ ቤቶችም ንቅሳት ያለበትን ሰው አያስገቡም፤ ግንባር ወይም አንገት ላይ ያለች የመስቀል ንቅሳትም ጥያቄ ልታስነሣ ትችላለች። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ካሺኪሪ ነው፤ ለተወሰነ ደቂቃ ለሁለታችሁ ብቻ የሚዘጋ ገንዳ። ሁለተኛው ሮተንቡሮ፣ ማለትም ከቤት ውጭ ያለ ገንዳ፣ ከነክፍሉ መያዝ ነው። ውድ ነው፤ ግን ለጫጉላ ከሆነ ሌላ ወጪ ቀንሳችሁ እሱን ያዙ። ከመክፈላችሁ በፊት በክፍሉ ገንዳ ያለው ውኃ ከፍል ውኃው የሚመጣ ወይስ የቧንቧ ውኃ ተሞቆ እንደሆነ ጠይቁ፤ ፎቶው ላይ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ።

ንቅሳት ካላችሁና የጋራውንም ማየት ከፈለጋችሁ የፍል ውኃ መንደሯ ኪኖሳኪ አለች። ሰባቱም የመንደሯ መታጠቢያዎች ንቅሳት ያለበትን ሰው ይቀበላሉ፤ ማታ በዩካታና በእንጨት ጫማ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ መታጠብ ራሱን የቻለ ሽርሽር ነው። የትም ቢሆን ግን መጀመሪያ ዝቅ ባለችው በርጩማ ላይ ተቀምጣችሁ በሳሙና ታጠቡ፤ ገንዳው ለመዘፍዘፍ እንጂ ለመታጠብ አይደለም።

5. እራቱን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ

ካይሴኪ የሚባለው እራት በትንንሽ ሳህን እየተከታተለ ይመጣል፤ መቅመሻው፣ ክዳን ባለው ጎድጓዳ ዕቃ የሚቀርበው ሾርባ፣ ጥሬ አሳ፣ ጥብስ፣ በመጨረሻ ሩዝ ከነሚሶ ሾርባውና ከነጨው አትክልቱ። ሰዓቱ ማታ 12 ወይም 1 ገደማ ነው፤ ወጥ ቤቱ አይጠብቅም።

የሾርባውና የብዙው ምግብ መሠረት ዳሺ ነው፤ ከባሕር አረምና ተፍቆ ከገባ ደረቅ አሳ ይሠራል። ረቡዕና ዓርብ ለምትጾሙና አሳ ለማትበሉ፣ «ሥጋ አንበላም» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ የአሳ መረቅም እንደማትቀምሱ በግልጽ ጻፉ። ከፋሲካ በኋላ ባለው በዓለ ሃምሳ ከሄዳችሁ ይህ ጣጣ የለም። ሙስሊም ሙሽሮች ደግሞ ከአሳማው ሌላ ሳኬና ሚሪን የሚባሉት መጠጦች ወጥ ውስጥ እንደሚገቡ እወቁ። ሁሉም ቤት ምግቡን መለወጥ አይችልም፤ «አንችልም» ቢሏችሁ አትከራከሩ፣ ሌላ ቤት ፈልጉ። ሙሉ በሙሉ የጾም ምግብ የምትሹ ከሆነ ኮያ ተራራ ላይ ከ50 በላይ የቡድሃ ገዳማት እንግዳ ያሳድራሉ፤ ክፍሉ ቀላል ነው፣ ምግቡ ግን ከሥጋም ከአሳም የጸዳ ነው።

6. ዋጋውንና መኝታውን አጣሩ

ሪዮካን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስከፍለው በሰው ነው። 50,000 የን የሚል ካያችሁ ለሁለት 100,000 ነው፤ እራትና ቁርስ መካተቱን ግን እዩ። መኝታው ታታሚ በሚባለው የሣር ምንጣፍ ላይ የሚነጠፍ ፉቶን ነው፤ ወገብ የሚያማችሁ ከሆነ አልጋ ያለው ክፍል ጠይቁ። ጉርሻ አይሰጥም።

7. ያዙ፣ ከዚያ ጻፉላቸው

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ቪዛ ያስፈልጋችኋል፤ ለማመልከቻውም የት የት እንደምታድሩ የሚያሳይ ዝርዝር ይጠየቃል። ስለዚህ ቪዛው እስኪወጣ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ክፍል ያዙ። የአሜሪካም ሆነ የእስራኤል ፓስፖርት ያላችሁ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አትጠየቁም። ከያዛችሁ በኋላ የምትደርሱበትን ሰዓትና ባቡር፣ የማትበሉትን፣ አዲስ ሙሽሮች መሆናችሁንም ጻፉላቸው። ትልልቁን ሻንጣ ከቶኪዮ ሆቴላችሁ ሪሴፕሽን ወደ ኪዮቶው አስልኩት፤ አብዛኛውን ጊዜ በማግስቱ ይደርሳል። ወደ ሪዮካኑ የሁለት ቀን ልብስ የያዘች ትንሽ ቦርሳ ይዛችሁ ሂዱ።