የሱፍ ባርኔጣ ቤት ውስጥ እንዴት ቀለም ይነከራል?

እዚህ የምንነክረው ባርኔጣ ከፌልት የተሰራ ነው። ፌልት ሳይፈተልና ሳይሸመን፣ በሙቅ ውሃ፣ በሳሙናና በእሽት እርስ በርሱ ተያይዞ የጠነከረ ሱፍ ነው። ቀለም ስትነክሩትም ሙቀትና እሽት ካገኘ መጠቅጠቁን ይቀጥላል። ስለዚህ ከቀለሙ ይልቅ እሳቱን ተጠንቀቁ።

መጀመሪያ ሱፍ መሆኑን አረጋግጡ። ከጠርዙ ትንሽ ነቅላችሁ በክብሪት ለኩሱት። የተቃጠለ ፀጉር ከሸተተና አመዱ በጣት ከደቀቀ ሱፍ ነው። ቀልጦ እንደ ፕላስቲክ ከጠጠረ ተዉት፣ ቀለሙን አይዝም። ጥቁር ወይም ቡናማ ሱፍም ደማቅ ቀለም አያወጣም፤ ነጩን ምረጡ።

ባርኔጣውን በደረቁ መዝኑት። ከዚያ ጥቂት ጠብታ የዕቃ ሳሙና ባለበት ለብ ያለ ውሃ ቢያንስ አንድ ሰዓት ዘፍዝፉት። በመዳፋችሁ ጫን ስታደርጉት ትንንሽ አረፋ ከወጣ ውስጡ ገና ደረቅ ነው፣ ጠብቁ። ይህን ከዘለላችሁ ቀለሙ ላይ ላዩን ብቻ ይይዛል።

ለ100 ግራም ሱፍ ከ1 እስከ 2 ግራም የሱፍ ቀለም ዱቄት ይበቃል። ለሙከራ የኬክ ቀለምም ይሰራል፣ ፀሐይ ግን ቶሎ ያደበዝዘዋል። ዱቄቱን በሙቅ ውሃ በጥብጡና በስስ ጨርቅ አጥልሉት፤ ያልሟሟ ቅንጣት ነጠብጣብ ይጥላል። ዱቄት ስትነኩ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። የማይዝግ ድስት ተጠቀሙ፣ ዳግም ወጥ እንዳትሰሩበት።

5 ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ ላይ ቀለሙን፣ ቀጥሎ ባርኔጣውን ጨምሩ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ቀስ እያላችሁ አሙቁት። መሃል ላይ ባርኔጣውን አውጡና ግማሽ ኩባያ አቼቶ ጨምራችሁ አማስሉ፣ ከዚያ መልሱት። አቼቶው ቀለሙን ከሱፉ ጋር የሚያጣብቀው ነው፤ ገና ከመነሻው ከገባ ግን ቀለሙ ቦታ ቦታ ይይዛል። እንፋሎቱ ሲበረታ፣ ከመንተክተኩ በፊት እሳቱን ቀንሱ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ መንተክተኩ ከምትጠብቁት ቀድሞ ይመጣባችኋል። በእንጨት ማንኪያ አልፎ አልፎ ገልበጥ ማድረግ ይበቃል።

እሳቱን ከቀነሳችሁ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ በኋላ ውሃውን በነጭ ሲኒ ቅዱት። ከጠራ ቀለሙ ሱፉ ውስጥ ገብቷል።

አሁን እሳቱን አጥፍታችሁ እዚያው እስኪቀዘቅዝ ተዉት። እኔ ቸኩዬ ትኩሱን ቀዝቃዛ ቧንቧ ስር አስገብቼው ለልጅ ራስ እንኳ የማይበቃ ሆኖ ቀርቷል። ሲቀዘቅዝ አለቅልቁት፣ ሳትጠመዝዙ በፎጣ ጠቅልላችሁ ጭመቁት። እርጥብ እያለ ራሳችሁን የሚያክል ሳህን ደፍታችሁ አልብሱትና ጥላ ውስጥ አድርቁት። ጠቆር ብሎ ቢታያችሁ አትደንግጡ፣ ሲደርቅ ይፈካል።