ኮሞዶ ማን ነው? አንድ ቅጽል ስም የሚጋሩ የኮሚክ ገጸ ባሕርያትን ስትመዘግቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«ኮሞዶ፦ የዶክተር ከርት ኮነርስ ተማሪ የነበረች፣ በቀስት የምትዋጋ፣ ኤሚኮ የምትባል ልጅ ያሳደገች።» ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ያዘጋጀውን የኮሚክ ገጸ ባሕርያት መዝገብ እንዳርምለት ሰጥቶኝ በ«ከ» ፊደል ስር ያገኘሁት ይህንን ነው። ልጁ ትጉህ ነው፣ ጽሑፉም ንጹሕ ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለች ሴት የለችም። ያሉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ማርቭል የተባለው የአሜሪካ ኮሚክ አሳታሚ፣ ሌላው የተፎካካሪው የዲሲ። የሚያገናኛቸው በኢንዶኔዥያ ከሚኖረው ግዙፍ ተሳቢ የተወሰደው ስም ብቻ ነው።

ይህን ስህተት ስንት ጊዜ እንዳረምሁ ቆጥሬ አልዘልቀውም፤ ስለዚህ በግልጽ ልናገር። ቅጽል ስም ሰው አይደለም። እኛ ይህን ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባ ነበር፤ የፈረስ ስም ያለን ሕዝብ ነን። አያቶቻችን ጀግናውን ሲጠሩ «ባልቻ አባ ነፍሶ» ይላሉ፤ ሰውየውን ከነፈረስ ስሙ ነው የሚያነሡት። «አባ ነፍሶ» ብቻ ብሎ የሚጀምር ቢኖር እንኳ ማንን ማለቱ እንደሆነ አድማጩ ያውቃል። የኮሚክ አንባቢ ግን ያን ዕውቀት ይዞ አይመጣም። ስለዚህ መዝገባችሁ ላይ መጀመሪያ የሰውየውን ስም፣ ቀጥሎ ቅጽል ስሙን፣ ከዚያ አሳታሚውን ጻፉ። መላቲ ኩሱማ ኮሞዶ፣ ማርቭል። ሲሞን ላክሯ ኮሞዶ፣ ዲሲ። ይህንን ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ሳይጻፍ ሲቀር ግን የአንዷ ሕይወት ከሌላው ይቀላቀላል።

የመላቲ ታሪክ ደግሞ በቀላሉ የሚቀላቀል ታሪክ አይደለም። ሁለት እግሮቿን ያጣች ወጣት ናት። መምህሯ ዶክተር ኮነርስ ራሱን ወደ እንሽላሊትነት የለወጠበትን ቅመም ሰርቃ ለራሷ ዘረመል እንዲስማማ አስተካክላ ተጠቀመችበት። ስትለወጥ ሰውነቷ ቅርፊት ያወጣል፣ እግሮቿም ይበቅላሉ። ወደ ሰው መልኳ ስትመለስ እግሮቹ የሉም። ካምፕ ሃሞንድ በተባለው የልዕለ ጀግኖች ማሠልጠኛ ከሌሎች ምልምሎች ጋር ስትሠለጥን ኃይሏን እንዳይወስዱባት የምትፈራው ለዚህ ነው፤ ኃይሏ ቢወሰድ እግሯም አብሮ ይሄዳል። ላክሯ በአንጻሩ ጤናማ ሰውነት ያለው፣ ሀብታምና ጨካኝ ቀስተኛ ነው፤ ግሪን አሮው የተባለው ቀስተኛ ጀግና የኦሊቨር ኩዊን ጠላት። እንደ ልጁ ያሳደጋት ኤሚኮ የኦሊቨር አባት የሮበርት ኩዊንና ሻዶ የተባለች ቀስተኛ ልጅ ናት። ላክሯ አይለወጥም፣ ቅርፊትም የለውም።

እኔም ተሳስቼበታለሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ ንባብ ቤት በስጦታ የመጡ ኮሚኮችን ስደረድር «ኮሞዶ» የሚለውን ሁሉ በአንድ አቃፊ አስገባሁት። አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት አንባቢ የመላቲን ታሪክ ጨርሳ ቀጣዩን ፈለገች፤ አቃፊው ውስጥ ከስሩ ያገኘችውን የግሪን አሮው ጥራዝ ይዛ ሄደች። በሦስተኛው ቀን መልሳ አመጣችና፣ «ጋሼ፣ ልጅቷ የት ሄደች? እስከ መጨረሻው ፈለግኋት» አለችኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ያለመኖሯን ያላወቀችውን ሰው ስትፈልግ የከረመችው በእኔ ስንፍና ነው። አቃፊውን የዚያኑ ዕለት ለሁለት ከፈልሁት።

ሌላው የሚያናድደኝ ስህተት ቅጽል ስምን በግድ መተርጎም ነው። ኮሞዶ የደሴት ስም ነው። በእንግሊዝኛ እንስሳው ከድራጎን ጋር ስለሚጠራ፣ ድራጎን ደግሞ በእኛ «ዘንዶ» ስለሚባል፣ አንዳንዱ መላቲን «ዘንዶዋ» ብሎ ይጽፋታል። ዘንዶ ሲባል አማርኛ አንባቢ የሚያየው ምንድን ነው? እግር የሌለው፣ ተጠምጥሞ የሚውጥ እባብ። ወይም በቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል ላይ ከፈረሱ ኮቴ ስር ጦር የተሰካበት አውሬ። መላቲ ያን ሁሉ የከፈለችው እግር ለማግኘት ነው፤ እኛ በአንድ ቃል እግሯን መልሰን ወሰድንባት። ስሙ «ኮሞዶ» ሆኖ ይቆይ። እንስሳውን ማስረዳት ካስፈለገ በወንዞቻችን ዳር የሚገኘውን አርጃኖ አንሡ፤ የቅርብ ዘመዱ ነው። እስከ ሦስት ሜትር የሚረዝም አርጃኖ በሉት፣ ማንም ይረዳችኋል።

የቅጹን ቁጥር አትዝለሉ፤ ቅጽ ማለት ከቁጥር 1 እንደገና የተጀመረ ተከታታይ ነው። ላክሯ የመጣው በግሪን አሮው ቅጽ 5 ቁጥር 17 ነው። «ቁጥር 17» ብቻ ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ1988 እና በ2001 የተጀመሩት ተከታታዮችም የየራሳቸው ቁጥር 17 አላቸው።

ዓመተ ምሕረቱ ላይ ደግሞ ቆም ብላችሁ አስቡ። መላቲ የወጣችበት የአቬንጀርስ፦ ዘ ኢኒሺየቲቭ ቁጥር 1 ሽፋኑ ላይ ሰኔ 2007 እ.ኤ.አ. ይላል፤ ለገበያ የቀረበው ግን ሚያዝያ ላይ ነው። የላክሯ ሽፋን ሚያዝያ 2013 እ.ኤ.አ. ሲሆን የተሸጠው የካቲት ላይ ነው። የሽፋን ቀን ወደፊት የሚሄድ መሆኑን ካላወቃችሁ ከሌላ ሰው መዝገብ ጋር ትጋጫላችሁ። ከዚህ የባሰው «እ.ኤ.አ.» አለመጻፍ ነው። አንዱ የመላቲን ዓመት ከእንግሊዝኛው ገልብጦ 2007 አለ፤ የላክሯን ግን በእኛ አቆጣጠር ቀይሮ 2005 ብሎ አስቀመጠ። አንባቢው ላክሯ ቀደመ ብሎ ደመደመ። ስድስት ዓመት የቀደመችው መላቲ ናት።

ስም የተጋሩ ሁሉ በአጋጣሚ ነው ብሎ መደምደምም ስህተት ነው። ሁለቱ ኮሞዶዎች አይተዋወቁም፤ ሪቻርድ ድራጎን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በዲሲ ኮሚክ የታየ የኩንግ ፉ ሊቅ ነው። ሁለተኛው ሪካርዶ ዲያዝ ነው፤ ላክሯ በታየበት በዚያው የግሪን አሮው ቅጽ ውስጥ የመጣ። ዲያዝ ከሊቁ ትምህርቱን ተቀብሎ፣ መምህሩን ገድሎ ስሙን ወሰደ። እዚህ ላይ ሁለቱን በተለያየ ገጽ አስቀምጦ ዝም ማለት አይበቃም፤ ስሙ እንዴት እንደተወረሰ የታሪኩ ዋና ነገር ስለሆነ አንዱን ከሌላው ጋር አያይዙት።

የቴሌቪዥኑንም ለብቻው መዝግቡ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሮው ተከታታይ ድራማ የታየው ላክሯ ቅጥር ገዳይ ነው፤ የኮሚኩን ታሪክ አትጫኑበት።

ወጣቱ ትናንት ተመልሶ መጣ። አንዱን አንቀጽ ሰርዞ በሁለት ካርድ ጽፎታል። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦ «መላቲ ኩሱማ፣ ቅጽል ስም ኮሞዶ። ማርቭል። አቬንጀርስ፦ ዘ ኢኒሺየቲቭ ቁጥር 1፣ የሽፋን ቀን ሰኔ 2007 እ.ኤ.አ.። ስትለወጥ እግር ታበቅላለች።» ከግርጌው በእርሳስ፣ «የዲሲውን ኮሞዶ ለማግኘት ሲሞን ላክሯን ይመልከቱ» የሚል ጨምሯል። ያን የእርሳስ መስመር በቀለም እንዲጽፈው ነገርሁት።