ፒኤምኤስኤፍ እያለ ፕሮቲኑ ሲቆራረጥ፣ ለኔ የሰራው መላ
ሴል ሰብሬ ፕሮቲን ሳወጣ ጄሉ (ፕሮቲን በመጠን የሚለይበት) ላይ ዋናው ባንድ እየሳሳ ከስሩ ትንንሽ ቁርጥራጭ ይታይ ነበር፣ በፈሩ (ሴሉ የሚሰበርበት ፈሳሽ) ውስጥ ፒኤምኤስኤፍ (PMSF፣ ፕሮቲኤዝን የሚያቆም ኬሚካል ወይም ኢንሂቢተር) አለ ግን ፕሮቲኤዙ (ፕሮቲን የሚቆራርጠው ኢንዛይም) አልቆመም። ለካ ኢንሂቢተሩ ውሃ ውስጥ ቶሎ ነው የሚበላሸው፣ በ25 ዲግሪ ፒኤች 7 ላይ ግማሹ በ110 ደቂቃ ገደማ ይጠፋል፣ ፒኤች 8 ላይ ደግሞ በ35 ደቂቃ ገደማ!! ስለዚህ ተደባልቆ የከረመ በፈር ምንም አይጠቅምም። አሁን ስቶኩን (በኋላ የሚቀጥነውን ወፍራም የፒኤምኤስኤፍ ሙሙት) ውሃ በሌለው አይሶፕሮፓኖል 100 ሚሊሞላር አርጌ ፍሪዘር አስቀምጠዋለሁ፣ ክሪስታል ከሰራ ሞቅ አርጌ አሟሟዋለሁ፣ ከዛ ልክ ሴሉን ልሰብር ስል 1 ሚሊሞላር እንዲሆን እያማሰልኩ ጠብ ጠብ አደርገዋለሁ። ባንዱ ጥርት ብሎ መጣ! ፒኤምኤስኤፍ የሚይዘው በዋናነት ሴሪን ፕሮቲኤዝ የሚባለውን ዓይነት ነው፣ ሜታሎፕሮቲኤዝ (በሜታል የሚሰራ ፕሮቲኤዝ) ከጠረጠራችሁ ኢዲቲኤ (EDTA፣ ሜታል የሚይዝ ኬሚካል) ጨምሩበት (ፕሮቲናችሁ ራሱ ሜታል የሚፈልግ ካልሆነ)። ፒኤምኤስኤፍ መርዛማ ነው ደሞ፣ ያለ ጓንት እንዳትነኩት በናታችሁ።